ጋሽ ሽብሩ አይዛ፤ የሽሮ ሜዳው ሹፌርና ወታደር

ሃምሳ አለቃ ሽብሩ አይዛ ማረፋቸው የተነገረን ካረፉ አሥራ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው። መርዶው የመጣው በወረቀት ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች ሽሮ ሜዳ ካለው ቤታቸው መጥተው፣ ሃምሳ አለቃው በግንባር «ታላቅ ጀብዱ ፈጽመው በክብር መሰዋታቸውን» የሚገልጽ ደብዳቤ ለባለቤታቸው ለእትዬ አስቴር አነበቡላቸው። የአባታቸው ስም «አይዛ» መሆኑ ቀርቶ «አየለ» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ አስቴር ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉትና «ይሄ የኔ ባል አይደለም» አሉ። እድርተኛው ድንኳን እንዳይተክልም ከለከሉ።

ይህን የምጽፈው እኔ ሰናይት እባላለሁ። ዘመዳቸው አይደለሁም፤ ጎረቤታቸው ነኝ። መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ልጆቼን የማሳድገው በዚያው ሙያ ነው። ደግሞም ወደ ጦርነቱ በሄዱበት ቀን በመኪና ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። በሰፈሩ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ ከራሴ አፍ ስሙት።

ጋሽ ሽብሩ የተወለዱት እዚያው ሽሮ ሜዳ ነው። አባታቸው ከጋሞ መጥተው በሽመና ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውንም ሙያውን እንዲወርስ አጠገባቸው አስቀምጠውት ነበር፤ ግን የጋሽ ሽብሩ እግር ረጅም ስለሆነ የሸማኔው ጉድጓድ አልበቃ አለው። «አባቴ ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ አስፍተውልኛል፤ በሦስተኛው ‹አንተስ ለመንገድ ነው የተፈጠርከው› አሉኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ውትድርና ገቡ፤ የከባድ መኪና ሹፌርም ሆኑ። ስንቅ፣ ውሃና ቁስለኛ አመላልሰዋል። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ መንገዶቹ ነው፤ የትኛው ቁልቁለት ፍሬን እንደሚያግል፣ የትኛው ወንዝ በክረምት እንደማይታመን። ስለ ውጊያ ሲያወሩ ሰማሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። አገልግሎታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለ የመንጃ ማሠልጠኛ አስተማሪ ሆኑ።

እኔ እርሳቸው እጅ የገባሁት ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቄ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የተማሪ ሰርቪስ የሚያሠራ ሰው «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ሥራ አለልሽ» ብሎኛል፤ ሦስተኛውን ከወደቅኩ ግን ሥራው ለሌላ ይሰጣል። መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ነበር የምይዘው። ጋሽ ሽብሩ ይህን አዩ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው መዝሙር ማንጎራጎር ጀመሩ። እርሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ መዝሙሩን አላውቀውም።

«እንድረጋጋ ብለው ነው የሚዘምሩት?» አልኳቸው።

«አይ፣ እኔም እኮ እፈራለሁ» አሉኝ።

አንድ ቀን ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት መሐል መኪናው ጠፋብኝ። ላስነሳው ስል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከኋላዬ የነበረ ታክሲ ክላክሱን አጮኸው፤ ሹፌሩም አንገቱን አውጥቶ «ወይ ንጂ ወይ ውረጂ» አለኝ። ጋሽ ሽብሩ የእጅ ፍሬኑን ስበው ወረዱና ወደ እርሱ ሄዱ። ሊጣሉ ነው ብዬ ነበር። በመስታወት ሳይ ግን የታክሲው መስኮት ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ያወራሉ። ክላክሱ ቆመ።

«ምን አሉት?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ማን አስተማረህ አልኩት፤ አጎቴ አለኝ። አጎትህን ስንት ቀን አበሳጨኸው አልኩት፤ አፈረ። በይ አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። የሚቸኩል ሰው የለም።»

የማሠልጠኛ ሰዓቴ ሲያልቅ ከቸርች መልስ እሁድ እሁድ በጎረቤት መኪና ያለማምዱኝ ጀመር። ፈተናውን አለፍኩ። ከእርሳቸው የተማረ ሁሉ «ቁልቁለት ላይ ጀግና የለም» የሚለውን አባባላቸውን ያውቀዋል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ባዩ ቁጥርም መኪናውን ያስቆሙናል። «ከባድ የተሸከመ ሰው ቅድሚያ አለው፤ መጽሐፉ ላይ ባይጻፍም» ይሉ ነበር። እትዬ አስቴር ለገበያ ሲወጡ ግን ዘንቢላቸውን ጋሽ ሽብሩ የሚይዙላቸው ማንም ካላያቸው ብቻ ነበር፤ ይህንን የነገሩኝ ራሳቸው እትዬ አስቴር ናቸው።

ጦርነቱ ሲበረታ ከተማሪዎቻቸው ሁለቱ ዘመቱ። አንደኛው በሁለተኛው ወር የውሃ ቦቴ ይዞ ገደል ገባና ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሽብሩ ወሬ ቀነሱ። የቀድሞ ወታደር ሹፌሮች እንዲመለሱ ጥሪ ሲደረግ እትዬ አስቴር ቀድመው ነገሯቸው፦ «ሃያ ዓመት ጠብቄሃለሁ። አሁን የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም።»

አንድ ሐሙስ ማታ ስልክ ደውለው «ነገ ልጆቹን ትምህርት ቤት ካወረድሽ በኋላ አንድ ቦታ ታደርሺኛለሽ?» አሉኝ። በማግስቱ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ገቡ። የሚመለሱት ወታደሮች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ሲነግሩኝ መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ።

«እትዬ አስቴር ያውቃሉ?»

«ሞጆ መኪና ላመጣ እንደምሄድ ታውቃለች።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልክ አይደለም።»

«ልክ አይደለም» አሉ። «ፊቷን እያየሁ ከተናገርኩ ግን አልሄድም።»

«እንግዲያው ይቅርብዎት።»

ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ያ የሞተው ልጅ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ በደንብ አልገባውም ነበር» አሉኝ። «እያወቅኩ ለፈተና ይበቃዋል ብዬ ለቀቅኩት። እዚያ የሚነዱት ሁሉ እንደ እሱ ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ራሴ እደውልላታለሁ፤ እስከዚያ አደራ።»

አደረስኳቸው፤ ሦስቱን ቀን አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ሽብሩም እንደ ቃላቸው ደውለው ለባለቤታቸው ነገሯቸው። በዚያው ምሽት እትዬ አስቴር ደጄ ድረስ መጡ።

«አንቺ ነሽ ያደረስሽው?»

«አዎ።»

«ጎረቤት ያለኝ መስሎኝ ነበር» ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ሰላምታ አልነበረንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡ ነበር። አልፈረድኩባቸውም።

ጋሽ ሽብሩ ከግንባር ሁለት ጊዜ ደውለዋል። ሁለተኛው በውሃ ቦቴ ላይ አብሯቸው በሚሠራ፣ ሙሉቀን በሚባል ወጣት ስልክ ነበር። ልጃቸው ሩት ቁጥሩን መዝግባ ይዛ ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውል ነበር፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ደብዳቤው በመጣ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ተነሳ። ሙሉቀን ቆስሎ ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ቆይቶ ፍቼ እናቱ ቤት ገብቷል። «በስልክ አልናገርም፤ ብትመጡ ይሻላል» አላት።

እትዬ አስቴር በማግስቱ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። «እሱን ወስደሽዋል። እኔንም ትወስጂኛለሽ» አሉኝ። ከሩት ጋር ሦስታችን ወጣን። ሱሉልታን ካለፍን በኋላ እትዬ አስቴር «እሱም እንዲህ ቀስ እያለ ነው የሚነዳው» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለልጃቸው አላወቅኩም።

ሙሉቀን ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። እናቱ ወንበር አቀረቡልን። እትዬ አስቴር ደብዳቤውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት። አንብቦ መለሰላቸውና አቀረቀረ።

«ጀብዱ የሚለውን አላውቅም እናቴ» አለ። «ውሃ እየቀዳን ነበር። ከወንዝ በፓምፕ። ሃምሳ አለቃ ጫማቸውን አውልቀው ቱቦውን ይዘው ውሃው ውስጥ ቆመው ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ያንጎራጉራሉ። የከባድ መሣሪያ ጥይት መሐላችን ወደቀ። አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሱም።»

እትዬ አስቴር ደብዳቤውን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቆይተው «እንደዚያ ከሆነ እሱ ነው» አሉ። ከመርዶው ቀን ጀምሮ ያላፈሰሱትን እንባ ያፈሰሱት ያኔ ነው።

ሙሉቀን ሌላም ነገረን። ጋሽ ሽብሩ ለወጣት ሹፌሮቹ በየምሽቱ ባዶ ቦቴ ላይ የቁልቁለት አነዳድ ያስተምሩ ነበር። እርሳቸው ከደረሱ ወዲህ ከዚያ ክፍል መኪና የገለበጠ ሹፌር የለም። «ስለ እርስዎም ያነሱ ነበር» አላቸው። «ባለቤቴን ዋሽቻታለሁ፤ ስመለስ መጀመሪያ ሞጆ ደርሼ ነው ቤቴ የምገባው፤ ውሸቴ ቢያንስ ግማሹ እውነት ይሁን ይሉን ነበር።»

እትዬ አስቴር እያለቀሱ ሳቁ። «ይሄ ሽማግሌ» አሉ።

በማግስቱ ድንኳኑ ተተከለ። የቸርቹ መዘምራንም፣ የማርያም እድር ሰዎችም፣ በየታክሲ ተራው ያሉ ተማሪዎቻቸውም መጡ። እኔ ውጭ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እትዬ አስቴር ሩትን ልከው አስጠሩኝና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሦስቱንም ቀን እዚያ ዋልኩ። ደብዳቤውም ከብዙ ምልልስ በኋላ «አይዛ» ተብሎ ታርሞ መጣ።

ጋሽ ሽብሩ፤ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ያን ቀን መኪናውን አዙሬ ወደ ቤትዎ ብመልስዎት ኖሮ እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ። በእትዬ አስቴር በኩል ጥፋተኛ ነዎት፣ እኔም አብሬዎት አጥፍቻለሁ፤ ይህንን ሳልናገር ልሰናበትዎት አልፈለግኩም። ሩት በዚህ ዓመት ትመረቃለች። ሙሉቀን ሰው ሠራሽ እግር ሊያስገጥም አዲስ አበባ ሲመጣ የሚያርፈው እርስዎ ቤት ነው፤ የእርስዎን ኮት ለብሶ አየሁት፣ እጅጌው ረዝሞበታል። ያረፉበትን ቦታ በወረቀት ላይ ሥሎ ሰጥቶናል፤ ከወንዙ ማዶ ዋርካው ሥር፣ ከአራት ጓደኞችዎ ጋር። መንገዱ ሲከፈት እትዬ አስቴርን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ የት እንዳሉ እናውቃለን። ይበቃናል አልልም፤ ግን እናውቃለን። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።