የማይነሳው ስልክ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «አባ ቆጥብ» ይላቸዋል። እውነት ነው፣ ክር ሲቆርጡ እንኳ እጃቸው ይሳሳል። የድሃ ሱሪ ሲጠግኑ ግን ዋጋ መጥራት የሚያፍሩ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ናቸው።

አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ በነርስነት ተቀጥራ ስትሄድ የስልክ ኩባንያው አንድ ብቻ ነበርና ዋጋው እሳት ነው። አባትና ልጅ መላ ዘየዱ። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ ሁለቴ ከጠራ «ደውልልኝ»። ማንሳት ክልክል ነው። ማታ ማታ ስልኩ አንዴ ጠርቶ ዝም ሲል አባ ቆጥብ መቀሱን ያስቀምጡና «ተመስገን፣ ልጄ ደህና ናት» ይላሉ። ያቺን ጥሪ ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። ሁለቴ ጠርቶ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራሉ።

ኋላ ሁለተኛ ኩባንያ መጣ። አንዱ ዋጋ ሲቀንስ ሌላው የባሰ ይቀንሳል፤ አንዱ ሌሊቱን በነፃ ሲል ሌላው ቀኑን ይመርቃል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ሳሩ ለመለመ። አባ ቆጥብ ወሬውን ሰምተው «ነገር አለው፤ ነጋዴ በነፃ አይስቅም» ብለው ተዉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ጠራ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ... አላቆም አለ። ለዚህ የተስማሙበት ትርጉም የለም። ስልኩን እንደያዙ ጎረቤታቸው ወዳለችው የስልክ ካርድ ሻጭ ሮጡ።

«ልጄ ምን ሆና ነው? መጥራቱን አልተው አለ!»

«ታዲያ አያነሱትም እንዴ፣ አባባ?» አለችና ራሷ ቁልፉን ተጭና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፈችላቸው።

«ዝጊ! ብርሽን ጨረስሽ!» ብለው ልጃቸው ላይ ጮኹ።

«አባዬ፣ ነፃ ነው! እስኪመሽ ባወራ አይቆርጥብኝም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አለች ልጃቸው።

አባ ቆጥብ እፎይ ብለው የካርድ ሻጯ ደረጃ ላይ ዘጭ አሉ። ግን ምን ይባላል? ይህን ሁሉ ዓመት ያወሩት በጥሪ ነው። በመጨረሻ «እኔማ ደህና መሆንሽን ማታ ማታ እሰማለሁ» አሉ።

ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «አባዬ... ታምሜም፣ አልቅሼም አንዴ ነበር የማስጠራው። ሁለቴ ካስጠራሁ ያለህን ሁሉ ካርድ ላይ ታፈሳለህ ብዬ» አለች።

አባ ቆጥብ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሱቃቸው በር ላይ ደንበኛ ቆሟል፤ በእጃቸው «ነገ ና» አሉት።

«በይ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ሕመም ጀምረሽ ንገሪኝ። አንድም እንዳታስቀሪ።»