ሁሉንም አንቱ ያለው ሰው

በመሥሪያ ቤቱ ሰውየውን የሚጠሩት «አንቱ» እያሉ ነበር። ወጣቶቹ ጠዋት በር ላይ ሲያዩት «አንቱ መጡ» ይባባላሉ፤ እሱም ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «አንቱ ገቡ» ይላቸዋል፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ወደየወንበሩ ይሄዳል። ስሙ ከየት እንደ መጣ ግን ኋላ የተቀጠሩት አያውቁም ነበር። እኔ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት አብረን ሠርተናል፤ እሱ አራሚ ነበር፣ እኔ ጥረዛ ክፍል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከታላቅ እህቱ ጋር ግድግዳ ስለምንጋራ የቤታቸው ነገር ከጆሮዬ አይርቅም።

ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ አንቱ ለማረፍም ለመሥራትም የማይመች ዕድሜ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የእህቱ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቶ የስልክ ጨዋታ ይሠራ ነበር። ከታች የጎማ መንፊያው ሞተር በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ፣ አንደኛው ልጅ ኮምፒዩተሩን እንደ ሕፃን እቅፍ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። ጨዋታቸው ዳማ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ተቀምጠው፣ በኢንተርኔት ይጋጠማሉ። ልጆቹ ጨዋታውን አሳምረው ሠርተውታል። ያስቸገራቸው ቋንቋው ነበር።

ሰው ሲሸነፍ ስልኩ «ተሸነፍክ» ይላል። ተጫዋቿ ሴት ከሆነች «ተሸነፍሽ» ማለት አለበት። ስለዚህ ሰው ሲመዘገብ ወንድ ይሁን ሴት እንዲጠየቅ አደረጉ። ሴት ነኝ ብላ የጻፈችውን ሁሉ፣ ዳማውን ትተው በመልእክት የሚያደርቋት ወንዶች ወረሯት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ወንድ ነን እያሉ ይመዘገቡ ጀመር፤ ስልኩ «ተሸነፍክ» ሲላቸው ደግሞ ተናደው ይዘጉታል።

የእህቱ ልጅ «አጎቴ፣ እስቲ መጥተህ ቃላቱን እይልን» ብሎ ጠራው። አንቱ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስክሪኑን ልክ እንደ ረቂቅ አነበበው።

«ሁሉንም አንቱ በሏቸው» አለ።

«እንዴት ሁሉንም?»

«አንቱ ወንድም ሴትም የለውም። ተሸንፈዋል፤ እንደገና ይሞክሩ። አለቀ።»

«የሚጫወተው ጎረምሳ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለ ኮምፒዩተር አቃፊው።

«ጎረምሳ ቢከበር ምን ይሆናል? ያብጣል?»

ያን ዕለት ሌላም ነገር አስደረጋቸው። ተጫዋቾች እንደ ልባቸው መጻጻፋቸው ይቅር፤ በምትኩ እሱ አሳጥሮ የሚጽፋቸውን ጥቂት ቃላት እየነኩ ይላላኩ አላቸው። ጻፈላቸውም። «ይቅናዎ።» «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።» «ጎበዝ ነዎት።» ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ «ደህና ይዋሉ፣ ነገ እንገናኝ።» ከእነዚህ ውጭ ማንም ለማንም ምንም ማለት አይችልም። ስድብ ቀረ፤ ልመናም ቀረ።

ነገሩ ሰውን አሳቀ። ጎረምሶች «ተሸንፈዋል» የሚለውን ጽሑፍ ፎቶ እያነሡ ተላላኩት። አውቶቡስ ያመለጠውን ሰው ጓደኛው «ተሸንፈዋል፤ እንደገና ይሞክሩ» ይለው ጀመር። እናቶችና አያቶች ግን ሊስቁ ሳይሆን ሊጫወቱ መጡ፤ ስልካቸው ሲያከብራቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ድርጅቱ ያደገው በዚህ ነው ቢባል ልጆቹም አይክዱም። ከጎማ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል ወጥተው መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ውስጥ ገቡ፤ አሳንሰሩ እንኳ ሰው ሲገባበት ሰላምታ ይሰጣል። «እሱም አንቱ ይለኛል» አለኝ ሰውየው፣ አንድ ቀን ሊያሳየኝ ሲወስደኝ። ደስ ብሎት ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከዳማው በኋላ የመኪና እሽቅድድም መጣ፤ ከዚያ ግንብ ማፍረስ፣ ከዚያ ቀለማቸው የተመሳሰለ ኳሶችን ማፈንዳት። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ አንቱ እንዲጽፍ የሚጠየቀው ሰው የሚያጣድፍ ቃል ነበር። «ጊዜዎ ሊያልቅ ነው።» «አሁኑኑ ይግዙ።» «ጓደኞችዎ ቀድመውዎታል።» ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲያጣድፍ ውሎ ማታ እህቱን ሊጠይቅ ደረጃችንን ሲወጣ፣ የአሮጌ ብስክሌት ሰንሰለት የሚጎትት ይመስል እግሩ ይከብደው ነበር። እህቱ «ምን ሠርተህ ነው እንዲህ የደከመህ? ተቀምጠህ አይደል የምትውለው?» ትለዋለች። «ስሮጥ ነው የዋልኩት፣ ተቀምጬ» ይላታል።

በመጨረሻ ድርጅቱ ተሸጠ። የእህቱ ልጅ ራሱ በመሠረተው ቤት ውስጥ ተቀጣሪ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። አዲሶቹ ባለቤቶች ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ መዘኑና ዳማው ቀለለባቸው። ተጫዋቾቹ አርጅተዋል፤ አይጣደፉም፤ ምንም አይገዙም። በወሩ መጨረሻ ይዘጋ ተባለ። የመዝጊያውን ማስታወቂያ የሚጽፈው አንቱ ነው።

እህቱ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ከአልጋዋና ከመስኮቷ አትርቅም። ባሏ ከሞተ በኋላ ከሰዓቱን የሚያስመሽላት ዳማው ነበር። በጨዋታው ውስጥ ስሟ «መርፌ» ነው። የምትጫወተውም ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ «ፊሽካ» ከሚባል። የከሰዓቱ ጥላ መስኮቷን ሲያልፍ ሁለቱም ጨዋታው ውስጥ ይገባሉ። «ይቅናዎ» ትለዋለች፤ «ይቅናዎ» ይላታል። ለዓመታት እንዲህ ነው።

አንቱ ወሬውን ሊነግራት የመጣ ዕለት እኔም እዚያ ነበርኩ፤ የራዲዮዋን ገመድ እየጠገንኩላት።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት።

ስልኳን አስቀመጠች። «ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም።»

«አንቱ ያልከኝ ባሌ የሞተ ዕለት ነው። ተናገር።»

ነገራት። ልጇን አልወቀሰችም፤ «ሥራው ነው» አለች ብቻ። ከዚያ ወደ ስልኳ እያየች፣ «ትራፊኬንስ?» አለች።

«የምን ትራፊክ?»

«ፊሽካ ነዋ። ትራፊክ ፖሊስ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ራሱን ፊሽካ ብሎ የሚጠራ ሌላ ማን አለ? ደግሞ አጨዋወቱን እይ፤ አያልፍም፣ አያሳልፍም።»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተጫውተን የት እንደሚኖር እንኳ አላውቅም። ስሰናበተው ምን ልበለው?»

«ደህና ይዋሉ የሚል አለ እኮ።»

«እሱማ ነገ እንገናኝ ይላል። ነገ የሌለ ዕለትስ? ለዚያ ምን ጻፍክ?»

አንቱ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። ለዚያ ምንም አልጻፈም ነበር።

«አንተ ነህ አፋችንን የሰፋኸው» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ስፌቱን ፍታልኝ። ሰውየውን አገናኘኝ።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። በሰው ፊት አጎቱን «እርስዎ» ይለዋል፤ በሩ ሲዘጋ «አንተ» ይላል። በሩ ተዘጋ።

«የፊሽካን ስልክ አውጣልኝ።»

«አይቻልም፣ አጎቴ። የተጫዋች ስልክ ማውጣት ክልክል ነው። አንተው ነህ ያስከለከልከው፣ ሴቶቹን አስቸገሩ ብለህ።»

«ለእናትህ ነው።»

«አውቃለሁ ለእናቴ እንደሆነ።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም ያን ሰሞን እንቅልፍ ያጣ ይመስል ነበር። «ብፈልግም አልችልም። ቁልፉ አሁን እነሱ ዘንድ ነው። እኔ የቀረኝ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻ ነው።»

«አንድ ቃል ልጨምር? ስልኬን ልስጥዎ የሚል?»

«የሚዘጋ ጨዋታ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም ብለዋል።»

አንቱ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ማስታወቂያውን ጻፈ። አዲሶቹ ባለቤቶች የፈለጉት ምስጋና እና ወደ ኳስ ማፈንዳቱ ጨዋታ የሚወስድ ግብዣ ነበር። ሁለቱንም ጻፈላቸው። ከሥር ግን አንድ መስመር ጨመረ፦ «አብሮዎት ሲጫወት የኖረውን ሰው ማግኘት ከፈለጉ በዚህ ስልክ ይደውሉ።» ቁጥሩ የራሱ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አነበበው። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆየ።

«ይሄን መስመር አላየሁትም» አለና ለጠፈው።

ስልኩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላረፈም። እኔም አንዳንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

«ሃሎ፣ አንበሳው ነኝ።»

«የትኛው አንበሳ? አንበሶች ብዙ ናችሁ።»

«ደቡብ ሰፈር ያለሁት።»

«ዳማው ሰፈር አያውቅም፣ ጌታዬ። ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት?»

«ከእርጎዬ ጋር።»

«እርጎዬ ትናንት ደውለዋል፤ አንበሳውን ፈልጉልኝ ብለዋል። የትኛው አንበሳ እንደሆኑ ግን አልነገሩኝም።»

አንዱ ሁልጊዜ የሚያሸንፈውን ሰው አገናኙኝ፣ ልሰድበው እፈልጋለሁ ብሎ ለመነ። አንቱ ሌላውን አስቀድሞ ጠየቀ፤ ያኛውም «ይስደበኝ፣ ግን ዳማ ይዞ ይምጣ» አለ። አንዲት ሴት ማንንም አልፈልግም፣ የጻፈልንን ሰው ድምፅ ልስማ ብዬ ነው ብላ ዘጋች። ከዚያ ጥሪ በኋላ ውሃ ጠጣና ለጥቂት ጊዜ ስልኩን አላነሣም። ሁለት የሚፈላለጉ ሰዎች የሚገጣጠሙት ከብዙ ድካም በኋላ አልፎ አልፎ ነበር። ድምፁ ሻከረ፣ ከዚያ ጠፋ፤ በሹክሹክታ ይመልስ ጀመር። ፊሽካ ግን አልደወለም።

የመዝጊያው ዕለት እህትየው እንደ ወትሮው ተጫወተች። አንቱ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጧል፤ እኔ በር ላይ። አሸነፈች። ፊሽካ «ጎበዝ ነዎት» አለ። እሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አንከራተተች፤ ሌላ የምትነካው ቃል አልነበረም። «ደህና ይዋሉ፣ ነገ እንገናኝ» አለችው። እሱም «ደህና ይዋሉ፣ ነገ እንገናኝ» አላት።

«ማስታወቂያውን አላነበበውም» አለች። «ነገ የሚመጣ መስሎታል።»



በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ስልኳን ከፈተች። ሰሌዳው የለም። ዘጋችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ስልኩንም ከትራሷ ሥር አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ራዲዮውን ስከፍትላት «ዝጋው» ትለኝ ነበር።

አንቱ ከሥራው የለቀቀው በዚያው ሳምንት ነው። አላባረሩትም፤ በቃኝ አለ። ጥሪውም እየሳሳ ሄደ። ሚስቱ ስልኩን አጥፋው፣ ጉሮሮህ ይረፍ ትለው ነበር፤ ሊያጠፋው ወስኖ ሳለ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ ዘግይቼ ይሆናል» አለ የሴት ድምፅ። «ማስታወቂያውን የንግድ ነገር መስሎኝ ሳላነበው ዘጋሁት። አሁን የእህቴ ልጅ የማስታወቂያውን ፎቶ አሳየችኝ። መርፌ የሚባል ሰው ፈልጎኝ ይሆን?»

«እርስዎ ማን ልበል?»

«ፊሽካ ነኝ።»

አንቱ ቆይታ መልሳ እንድትደውል ለመናትና ወደ እኛ ሰፈር መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ቦታ ሲያርፍ ሰማሁት። ምን እንዳገኘ ለእህቱ አልነገራትም፤ ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልጋው ላይ አኖረው።

«ሃሎ፣ መርፌ ነዎት?»

«ነኝ።» እህትየው ወንድሟን አየችው፤ ስልኩን አየችው። «ፊሽካ? ሴት ነዎት እንዴ?»

«ሴት ነኝ። እርስዎም ሴት ነዎት?»



«እኔ እኮ ትራፊክ ፖሊስ ነው ስል ኖርኩ» አለች እህትየው።

«የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። እኔ ደግሞ መርፌ ሲባል ሐኪም መስሎኝ። አንድ ቀን ስለ ጉልበቴ አማክራቸው ይሆናል እያልኩ።»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ጉልበት እንኳ እኔም አለኝ፤ ማለቴ የለኝም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች በር ላይ ሆኜ አልለየሁም።

«ታዲያ አሁን ምን ልበልዎ?» አለች ፊሽካ።

«አንቺ በይኝ። ይሄ አንቱ ስንት ዘመን አለያየን።»

አንቱ ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ፣ እኔ ከቆምኩበት አጠገብ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ።

«ሴቶቹ ምን ሆኑ?» አልኩት፣ የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ።

«አንቺ ተባባሉ» አለ በሹክሹክታ።

ራሱን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከውስጥ የትኛው ቅባት ለየትኛው ጉልበት እንደሚበጅ ሲነጋገሩ ይሰማል።

«ወደ ቤት አትሄድም?» አልኩት።

«ስልኬን እኮ ይዘውታል።»

«ታዲያ ተቀበላቸው።»

«ይጨርሱ» አለ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። እነሱ ሳይጨርሱ እሱን እንቅልፍ ወሰደው።