ኮምፒውተር የገጣጠምንበት ክረምት

ባሕር ዳር በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ባለፈው ሰሞን ከእናቷ የተላከላትን አንድ ፌስታል በርበሬ ማስቀመጫ አጥታ ከኮምፒውተሯ ላይ ጣል አድርጋው ስብሰባ ገባች። ማሽኑ አሮጌ ነውና ቶሎ ይግላል፤ ትንሽ ቆይቶ የጋለ አቧራና የበርበሬ ሽታ ተደባልቆ ክፍሉን ሞላው። ሌላው ሰው እያስነጠሰ መስኮት ሲከፍት እኔ የያዝሁትን ወረቀት አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንሁ። በሕይወቴ እንዲህ የሚሸት ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም ደባርቅ፣ ከጓዳችን አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በአባቴ የወጥ ቤት ሣጥን ውስጥ የተሠራው ነው።

አባቴ ወደ ተራራው የሚወጡ ቱሪስቶችን የሚያበላ ወጥ ሠሪ ነበር። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ድስቱን፣ ቡታጋዙን፣ ሽንኩርቱንና ቅመሙን በትልቅ የጣውላ ሣጥን ከትቶ፣ በበቅሎ አስጭኖ፣ አንድ ቀን ሳንቃ በር አንድ ቀን ጊች እያደረ ይሰነብትና ፊቱ በብርድና በፀሐይ ተልጦ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ከተማዋን ይውጣታል፤ ቱሪስት ይጠፋል፤ ሣጥኑም አባቴም ቤት ይውላሉ። እማዬ ከዓመቱ ሁሉ የምትፈራው ይህን ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም አባዬ ሥራ ሲፈታ ድስቷን እየከፈተ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ጨው በዝቷል ማለት ይጀምራል።

ሚሌኒየሙ ባለፈ በዓመቱ ግን ከአባዬም ቀድሞ ቤት የገባው ታላቅ ወንድሜ ፈንታሁን ነበር። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ገና ፈተና ሳይደርስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ከጎንደር ከመጣ አውቶቡስ ቦርሳ እንኳ ሳይዝ ወርዶ፣ ቤት ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ ከግቢያችን በር አልወጣም። ሰው የየራሱን ተናገረ፤ አንዱ ንባብ በዝቶበት ነው አለ፣ ሌላው ሰው አስደግሞበት ነው አለ። እማዬ ዳባት አካባቢ ወዳለ ጸበል ወስዳው አብራው ሱባኤ ገባች። ሲመለሱ ከስቶ፣ ግን ረግቶ መጣ፤ ቃል ብቻ አልነበረውም። ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲሰጡት ይበላል፣ እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ በቃ። ያ ትከሻው ላይ አፈናጥጦ ገበያውን የሚያዞረኝ፣ የነጋዴውን ሁሉ አነጋገር እየቀዳ የሚያስቀኝ ወንድሜ የት እንደሄደ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እኔ ደግሞ የራሴ የልጅ ሐዘን ነበረብኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ጌም ቤት ተከፍቶ፣ ልጆች በኮምፒውተር የመኪና እሽቅድምድም ይጫወቱ ነበር። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ አንዲት ቀይ መኪና በባሕር ዳርቻ ስትበር ካየሁ ወዲያ ሌላ ነገር አላምረኝ አለ። አንድ ቀን ደፍሬ ገብቼ ወረፋ ብይዝ፣ ባለቤቱ ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች፣ ሂጂ እናትሽን አግዢ ብሎ አስወጣኝ፤ ወንዶቹም እየሳቁ ሸኙኝ። ቤት ገብቼ ከወንድሜ አልጋ ጫፍ ተቀመጥሁና እያለቀስሁ አንድ በአንድ ነገርሁት። ለእሱ መናገር ቀላል ነበር፤ አይመልስም፣ አይቆጣም፣ አይመክርም። ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር ሰማኝ፤ መስማቱንም እርግጠኛ አልነበርሁም።

አጥር የሚጋሩን ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሥጋችን ባይገናኝም ለፋሲካ የእኛ ዳቦ፣ ለዒድ የእሳቸው ዳቦ በአጥሩ ላይ ይተላለፋል። በዚያ ሰሞን ልጃቸው አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶት የሄደውን ኮምፒውተር በጋሪ አስጭነው መጡ። ሆዱ እንደ እንስራ የተነፋ ስክሪን፣ ፊደሎቹ የደበዘዙ ኪቦርድ፣ ቢያበሩት ትንፍሽ የማይል ማሽን። ሞቶ ቦታ ይዞብኛል፣ ፈንቴ ጊዜ ሲኖረው ይየው አሉና ቡና እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። ፈንታሁን ቀና ብሎም አላየው። ዕቃው በክፍሉ ጥግ ሰነበተ፤ ዶሮዎቻችን ቆጥ አደረጉት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ሳለ፣ ጥርሴን እየፋቅሁ ከደጅ ቆሜ፣ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ማስቲ፣ ካቻቢቴ አለ?»

ማስተዋል ነው ስሜ፤ ማስቲ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። መፋቂያውን ወርውሬ ሮጥሁ። ከብስክሌት ጠጋኙ ቤት ሁለት ካቻቢቴ ይዤ፣ በጭቃው ላይ ሁለቴ ወድቄ ስመለስ፣ ወንድሜ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ማሽኑን ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል። ፈታታው። ሆዱ ውስጥ የነበረውን አቧራ በዶሮ ላባ እየጠረገ፣ የሞተውንና ያልሞተውን ለየ። ማዘርቦርድ የሚሉት ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ ደህና ነው፤ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወርም ጉልበቱ ትንሽ ቢሆንም ይሠራል። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ እዚህ ላይ ጥቂት ነገር ብንጨምር መኪናሽን ያስኬዳል አለ። ለካ ያን ቀን እያንዳንዱን ቃል ሰምቶኛል።

ከዚያ በኋላ የሚገዛውን ዕቃ የማማረጥ ሳምንታት መጡ። አባዬ ለክረምት ካስቀመጣት ላይ ቆረሰ፣ እማዬ አንዲት በግ ሸጠች፤ ያም ሆኖ ሁሉንም ጥሩ ማድረግ የሚያስችል አልነበረም። አንዱን ከፍ ስታደርጊው ሌላው ዝቅ ይላል። አባዬ ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያማርጠው ብሎ ከደጃፉ ላይ ሲቆም፣ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ በአባዬ ቋንቋ። ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪው ነው አለው። ራሙ ሽንኩርት የምትከትፍበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠባብ ከሆነ ወጥ ሠሪው ጎበዝ ቢሆን ምን ዋጋ አለው። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ምግቡን አሳምሮ በሰሃን የሚያቀርበው ነው፤ ፓወሩ እሳቱ። አባዬ አገጩን እያሻሸ አሰበና፣ እንግዲያው ጠረጴዛውን ሰፋ አድርገው፣ እሳትህ ትንሽ ከሆነ ግን በትልቅ ድስት አትጣድ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ የእማዬን ወጥ ተወው፤ ጠዋት ማታ ከእኛ ዘንድ ቁጭ ብሎ ስለ ራም ይሟገት ጀመር።

ዕቃው የሚገኘው መርካቶ ነው፤ መርካቶ የሚሄዱት ደግሞ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ወንድሜ በአጥሩ ላይ ሆኖ አስጠናቸው። እሳቸውም ጨርቅ እየለኩ በክንድ ላይ ክንድ ሲጨምሩ፣ ፕሮሰሰር የተሰካበት ሰሌዳ፣ ሁለት ራም፣ አነስ ያለ ካርድ፣ እያሉ እንደ ዱዓ ሲደጋግሙት ደንበኞቻቸው ግራ ይጋቡ ነበር። ከሄዱ በሦስተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ጋሽ ሰይድ ከመርካቶ ሊደውሉ ነው፣ ፈንቴ ራሱ ሱቅ መጥቶ ያነጋግረኝ ብለዋል አሉ።

እማዬ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። ሱቁ ከገበያው ወዲያ ማዶ ነው። አባዬ እኔ ልሂድ ብሎ ጋቢውን አነሣ፤ እትዬ ዘሀራ ግን እርስዎ ምኑን ያውቁታል፣ ልጁ ነው የሚያውቀው አሉት። ወንድሜ ከጆንያው ላይ ቀና ብሎ የግቢያችንን በር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ። ጫማው ሻግቶ ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግሁለት።

እጁን ይዤ ወጣን። ጉም ነበር፤ ለዚህ ጉም ዕድሜዬን ሁሉ ሳመሰግን እኖራለሁ፤ ሰዉ የሚያየን ከተላለፍን በኋላ ነበርና። ያም ቢሆን የሚያውቁት ቆም እያሉ ያዩታል፣ አንዳንዷ እናት ከንፈሯን ትመጥጣለች። በጎቹ ከሚሸጡበት ስንደርስ ቆመና መተንፈስ አቃተው። እኔ ስለ ቀይዋ መኪና አወራሁለት፣ እንዴት እንደምትታጠፍ፣ ከኋላዋ ጭስ እንዴት እንደሚወጣ። እያወራሁ ጎተትሁት፤ እየጎተትሁት መጣ።

ስልኩ ሲጮህ እትዬ ዘሀራ አንሥተው ሰጡት። ጋሽ ሰይድ እየጮኹ ስለሚናገሩ ሁላችንም እንሰማለን፤ ሻጩ ግራ አጋባኝ፣ ትልቁ ካርድ ይሻላል ይለኛል፣ ዋጋውንም ቀንሶልኛል፣ ምን ይሻላል ልጄ አሉ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሻጩን አገናኙኝ አላቸው፤ ሻጩን ጠየቀው፣ መለሰለት፣ እንደገና ጠየቀው፤ ቀስ በቀስ ትከሻው ቀና አለ፣ ስልኩን ያልያዘው እጁ በአየር ላይ ሰሌዳውን ይሥል ጀመር።

«የለም ወንድሜ፣ ትልቁ ይቅር» አለው። «የእኛ ፓወር አይሸከመውም። ትንሹን ስጣቸው፤ ግን ከመጠቅለልህ በፊት ሰክተህ ሥዕል ሲያመጣ ጋሽ ሰይድ በዓይናቸው ይዩት።»

ስልኩ ወደ ጋሽ ሰይድ ሲመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፈንቴ፣ ድምፅህ ናፍቆኝ ነበር» አሉት። ወንድሜ ስልኩን ቶሎ አላስቀመጠም።

ዕቃው በሻሽ ተጠቅልሎ፣ በቡፌ ልብስ መካከል ተቀብሮ መጣ። የድሮው ማቀፊያ ቆርቆሮ ለአዲሱ ሰሌዳ ስላልሆነና ሌላ ለመግዛት ስላልተረፈን አባዬ ሣጥኑን ሰጠን፤ ወንድሜ በጎኑ ቀዳዳ በስቶ ሰሌዳውን ከውስጥ አሰረው፣ እኔ ባትሪ አበራሁለት፣ ብሎኖቹን በመዳፌ ያዝሁለት። እያንዳንዱን ሲሰካ ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ እደግመዋለሁ። እንዳጋጣሚ ጨርሰን ልናበራው ስንል መብራት ጠፋ። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መብራቱ ሲመጣ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ አጉረመረመ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶም ለዓመታት በጣውላው ውስጥ የሰረገው በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ሞቆ መሽተት ጀመረ። አባዬ ወጡ ደረሰ አለ።

በዲስኩ ላይ ያገኘናት መኪና ቀይ ሳትሆን ቢጫ ነበረች፤ እየተንተባተበች ነበር የምትሄደው። እኔም ከመነሻው አሥር ክንድ ሳልርቅ አጥር ጥሼ ባሕር ውስጥ ከተትኋት። ያን ጊዜ ወንድሜ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ በኋላ ሆዱን ይዞ፣ ዕንባው እስኪወርድ። እማዬ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልገባችም። ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆማ አዳመጠችው።

ክረምቱን ሙሉ ተጫወትን። መስከረም ሲጠባ አባዬ ሣጥኑን ለተራራው ፈለገው፤ ወንድሜም ዩኒቨርሲቲው በድጋሚ ተቀብሎት ሊሄድ ነበር። ፈታታውና ካርዱንና ዲስኩን በሹራብ ጠቅልሎ በቦርሳው ያዘ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ ያን ጊዜ እጄን የያዘኝ እሱ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ ለቅሶ ሄጄ፣ እትዬ ዘሀራ በሰው መካከል ጠጋ ብለው ነገሩኝ። ባለቤታቸው ትንሿን ካርድ የገዟት ገና ከመደወላቸው በፊት ኖሯል፤ ሻጩን ለምነው ነው ያነጋገሩት። ልጁን ከቤት የሚያወጣው ነገር አላጣም ብለውኝ ነበር የሄዱት አሉኝ። ያን ለወንድሜ ልንገረው አልንገረው እያልሁ ከረምሁ።

አሁን አዲስ አበባ ነው፤ ጥሩ ሥራ፣ ትዳር፣ ሁለት ልጆች አሉት። በበዓል ይደውልልኛል፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ፣ እንባባላለን። አንድ ፋሲካ ጨዋታው ሲሞቅልን ደፍሬ ያን ክረምት፣ ሣጥኑን፣ ጋሽ ሰይድን አነሣሁበት።

«ማስቲ፣ ያን ጊዜ ባናነሣው ደስ ይለኛል» አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም በለሰለሰ ድምፅ።

እውነቱን ነው። ለእሱ ያ ክረምት ከሕይወቱ ሁሉ የጨለመው ነው፤ እኔ ከዚያ የበራ አላውቅም። ይመለስልኝ ብል ወንድሜ ይታመም ማለት ነውና አልልም። አባዬ የለም፣ ጋሽ ሰይድ የሉም፣ እማዬም ዛሬ ዛሬ የእኔን ስም ከእህቷ ስም ጋር ታደባልቀዋለች። ያን ጊዜ አብሮኝ የነበረና ሁሉንም ሊያስታውሰው የሚችል አንድ ሰው ቀርቶልኛል፤ እሱም ድኖ የሄደው ያን ክረምት ከኋላው ጥሎ ነው፤ እኔንም፣ ያቺን ባትሪ የያዘችዋን ልጅ፣ እዚያው።