ዘሀራና የዱባዩ አዳራሽ

የመካነ ሰላሟ ዘሀራ ልጅ ፈርሂያ ዱባይ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ድምጿ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻ ስትደውል የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ ሙዚቃ አዳራሽ እንደምትሄድ ተናግራ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መምህር ምንይችል፣ ሲያጠልቁት ኦርኬስትራ መሀል የተቀመጡ የሚያስመስል መነጽር ለከተማው ሰው አመጣ። ምስሉ ዱባይ የተቀረጸ መሆኑን ስትሰማ ዘሀራ ተሰልፋ ገባች። መነጽሩን እንዳጠለቀች ለቫዮሊኖቹ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ተመልካቹ ዞረች።

«እናቴ፣ ሙዚቀኞቹ በዚህ በኩል ናቸው» አላት ምንይችል።

«ልጄን እየፈለግሁ ነው። የኋላዎቹ ፊታቸው አይታይም፤ በአላህ ትንሽ አስጠጋኝ!»

«አይጠጋም፣ እናቴ።»

ሙዚቃው አልቆ በምስሉ ያለው ተመልካች ሲነሳ «ቆዩ! አትውጡ!» ብላ ጮኸች። ምስሉ ጠፋ። መነጽሩን ሊያወልቅላት ሲል እጁን ያዘችው።

«ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

ደጅ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም ምንይችል እንደገና ጀመረላት።