ሳይሞላ ተነሳ

አየር ማረፊያችን ትልቅ አውሮፕላን ሊመጣለት ነው ብለው ሹሞቹ ሲያበስሩን ደረታቸውን ነፍተው ነበር። ድሮ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ትናንሾች ይመላለሱ ነበር፤ ሁለቱ ቀሩና አንድ ትልቅ በቀን አንዴ ይመጣ ጀመር። «የማረፊያው አቅም አደገ» ተባለ። እቴ! ያደገው አውሮፕላኑ ነው። አዳራሹ ያው የድሮው፣ የዕቃ መፈተሻውም ያው አንድ ለናቱ።

ጉዱን ያየሁት አባቴን ይዤ የሄድኩ ዕለት ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛችው ታናሽ እህታቸው ሕመሙ ጠንቶባት፣ «ወንድሜን ሳላየው እንዳልሞት» ብላ ልካ ነበር። ከመርሳ በጠዋት ተነሳን።

ስንደርስ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ሜዳው ላይ ወጥቷል። የሁለት አውሮፕላን ሰው ባንዴ፣ ባንድ በር! ፈታሹ ደግሞ የሰዉን ቀበቶ አንድ በአንድ እያስፈታ ይንቀባረራል። እኔ ስቁነጠነጥ አባቴ ምንም አልመሰላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መኪና ሞልቶ እንደሚነሳ ነው የሚያውቁት።

«አባባ፣ ሰዓቱ ሄደ እኮ! ያስቀድሙን ብዬ ልለምናቸው?»

«ተይ፣ አታስቸግሪያቸው። ትልቅ ነው አላልሽኝም? እኛ ሁላችን እዚህ ቆመን በምን ሊሞላ ነው?»

ሳቄ መጣ። ሞኟ እኔም መለመኑን ተውኩት።

ተራችን ሲደርስ የመንገደኛ ምዝገባው ተዘግቷል። ከኋላችን ገና ስንትና ስንት ሰው አለ። «ወንበር ጠፍቶ ነው?» አልኳት ሠራተኛዋን።

«ወንበርማ ሞልቷል፤ ሰዓቱ ነው ያለፈው» አለችኝ ጥፍሯን እያየች።

ሞልቷል ያለችው ተትረፍርፏል ለማለት ነው። አባቴ የሰሙት ግን ሌላ ነው።

«ከሞላማ ምን ይደረጋል፤ አላህ ያላለው ነው» ብለው ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ሳላርማቸው ትኬታችንን ለማግስቱ ላስቀይር ሄድኩ።

የከሰዓቱ በረራ ቢኖር ኖሮ ይደርሱላት ነበር። አክስቴ ምሽቱን አረፈች፤ በማግስቱ እኛ ገና ሰልፍ ላይ ሳለን ቀበሯት። አቅም አደገ አሉን፣ አይ አቅም!

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ ከፊታችን ያለው ረድፍ ባዶ ነው፤ ከአባቴ አጠገብ ያለውም ወንበር ባዶ። ባዶውን ወንበር በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«የትናንቱ ግን ሞልቶ ነበር፣ አይደል?»

«ጢም ብሎ ነበር፣ አባባ» አልኳቸው።