ሜጋ ላይ የታጠረው ሣር

ከሜጋ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። የአይሱዙው ሾፌር ክላክሱን ሲያስጮህብኝ እኔ ገና ከሽማግሌው ከአባ ጅሎ ጋር የእሾህ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን በማኅበረሰብ አገልግሎት በኩል ሽማግሌዎቹን ለምኖ ከካሎው፣ ለጥጃና ለደካማ ከብት ተብሎ ከሚታጠረው ግጦሽ፣ አንዱን ጥግ ለምርምር ወስዶ ነበር። ተመራማሪው እኔ ነኝ። የነጌሌ ልጅ ስለሆንኩ፣ ኦሮምኛውንም እንደ ልቤ ስለምናገር፣ የሰጡን እኔን አምነው ነው።

«አባ ጅሎ፣ ተምሬ እስክመለስ ይቺን ጥግ እንዳይከፍቷት። መጥቼ እለካታለሁ» አልኳቸው።

«ካልን ብለናል። ከብት አይገባባትም። ናጋያን ገሊ፣ በሰላም ግባ፣ ልጄ።»

የደረስኩባት በርገን፣ የኖርዌይ ከተማ ናት፤ ዝናቡ አባርቶ አያውቅም። አሮጊቷ አከራዬ ጠዋት ደረጃው ላይ ስታገኘኝ እሷ ያዘነበችው ይመስል ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኛ ዘንድ እኮ ደመና ሲጠቁር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነው የሚያየው! ወተታቸውም እንደ እኛ በጭስ በታጠነ ዕቃ የተያዘ ስላልሆነ ውሃ ውሃ ይለኛል።

የመኖሪያ ፈቃዴን የሚያድሰው ሰውዬ ደግሞ «ጥናትህ ስለ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ድርቅ ስለሚችል ሣር።»

ዝናብ የሚወርድበትን መስኮት አየና «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።

እውነትም ብዙ ሳልቆይ ርዕሴን ቀየርኩ፤ ፕሮፌሰሬ የእነሱን አገር በጎች ግጦሽ አጥና ብሎ ሰጠኝ። ስጨርስ እዚሁ ሥራ አገኘሁና ቀረሁ። አገር ቤት ላለው ዩኒቨርሲቲያችን ወዲያው አሳወቅሁ። ለአባ ጅሎ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልነግራቸው ቆየሁ። አፈርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘንድሮ ሜጋ ላይ ዝናቡ ሲቀር እሳቸው ደወሉ።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ፣ አባ ጅሎ። ከብቱ እንዴት ነው?»

«ሌላውን ካሎ ከፈትን፣ አለቀ። ላሞች ይወድቃሉ፣ ሰው በጭራ ይዞ ያነሳል። ያንተ ሣር አለ።»

ያንተ አሉኝ። ላሞቹ የወደቁት ከአጥሩ ማዶ ሣር እያዩ ነው፤ ያገዳቸውም የእኔ አደራ ነው። እኔ እኮ ያንን ሣር ረስቼዋለሁ።

«ምነው ሳትከፍቱት?»

«አንተ ሳትመጣ? ብለናል እኮ። ጎረምሶች ሊከፍቱ ነበር፣ እኔ ከለከልኩ። መጀመሪያ ልጠይቀው ብዬ።»

«ክፈቱት! ዛሬውኑ ክፈቱት፣ በፈጠረዎ!»

 እንደማልመለስ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስትመጣ ታዲያ ምን ትለካለህ?»

ዝናብ የሚወርድበትን መስኮት አየሁ።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሉ ሊያጽናኑኝ። «ጥጃዎቹን ብቻ እናስገባለን። ግማሹን ላንተ እናቆያለን።»

«እሺ» አልኳቸው።