ኩታ የለበሰው ሬዲዮ

ውጭ መኪና ቆመና ጆሮዬን ወደዚያ ስጥል ካውያው ሸሚዝህ ላይ ቆየ፤ ተለበለበ። የተለበለበ ጥጥ መጀመሪያ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል። መኪናው የጎረቤት መሆኑን ሳውቅ ነው እጄ የተመለሰልኝ። ወጣት እየታፈሰ ነው ከተባለ ወዲህ መኪና በቆመ ቁጥር እንዲህ ነኝ። አንተም ክረምቱን ሙሉ ከጓዳ አልወጣህም። ሰልችቶሃል፤ ጣትህ ግድግዳውን ሲደበድብ ይሰማኛል። ደብድብ ግን ቀስ ብለህ ልጄ፤ እኔም ይህ ሽታ ያመጣብኝን ላውራህ። ስለ አጎትህ ነው። አላየኸውም፤ ጣቶችህ ግን የእሱ ናቸው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው። ወንድሜም ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ከአባቴ ጎን ይሸምን ነበር። ጠዋት የምነቃው በሁለቱ የሽመና ድምፅ ነው፤ የአባቴ ዝግ ያለ፣ የወንድሜ ግን እንደ መዝለል የሚቃጣው። ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብታ የጥጡን ብናኝ ስታበራው ቤቱ ውስጥ ጭጋግ የወረደ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ጠዋት አንድ ጠዋት ይሆንብኛል።

የሰፈሩ ጎረምሶች ባንድ አቋቁመው ነበር፤ አለቃቸው ሳክስፎን ነፊው ነው። ባለ አራት ክሩን ጊታር፣ ቤዝ የሚሉትን፣ ለወንድሜ የሰጠው እሱ ነው። “የሸማኔ እግር ምት አይስትም” ብሎ ነው የመረጠው። ቤዝ ግን በማጉያ ካልሆነ ድምፅ የለውም። በባዶው ሲመታ ትንኝ ይመስላል። ልምምድ ላይ ሌሎቹ ሲጮኹ ወንድሜ አንገቱን ጊታሩ ላይ ደፍቶ የራሱን ድምፅ ሊሰማ ይታገል ነበር።

አለቃው አንድ ቀን እንዲህ አለው፦ “ጊታር ሳይሆን ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነው የምትመስለው። ቆመህ ትጠብቀናለህ፤ ድምፅ የለህም።” ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብሎ ጨመረበት፦ “ጾም ሳይገባ ሠርግ ይዘናል። እስከዚያ ማጉያ አምጣ። ካላመጣህ ማጉያ ያለው ልጅ አለ።”

ወንድሜ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ለእሱ ነገሩ ዘፈን ብቻ አልነበረም። ባንዱ ካመለጠው ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ጉድጓድ እንደማይወጣ ያውቅ ነበር።

ፍለጋውን አብሬው ዞርኩ። እኔ መቁጠር እንጂ መጻፍ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ፤ ይዞኝ የሚዞረው ለብቻው መጠየቅ ስለሚያፍር ይመስለኛል። ፒያሳ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ አዲስ ማጉያ ቆሞ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጥርስ ያለው። ዋጋውን ሲሰማ ባለሱቁን አመስግኖ ወጣ፤ ለምን እንዳመሰገነው አላውቅም። መርካቶ ደግሞ ሎተሪ የሚያዞር ሰው ጡሩምባ መሳይ ማጉያ ሊሸጥልን ፈለገ። ወንድሜ ጊታሩን ሰክቶ ቢመታው የታነቀ ፍየል ሆኖ ጮኸ። ሰዉ ተሰብስቦ ሳቀ። “ወንድም ጋሼ፣ እንሂድ” አልኩት። እጁን ይዤ ጎተትኩት።

መላውን ያገኘው ከአንድ ሬዲዮ ሠሪ ነው። ሽማግሌው ቀና ሳይል፣ “ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ቀዳዳ ከኋላው ያለው ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ፈልግ” አለው። “እዚያ ብትሰካው ይጮህልሃል።”

እንዲያ ያለ ሬዲዮ በእኛ መንደር አንድ ብቻ ነበር። እሱም ሐዘን ላይ ነው።

ባለቤቱ ሹፌር ነበር፤ ጥር ላይ ሞተ። ሚስቱ ምንጣፍ ላይ ከል ለብሳ ትውላለች። ማታ ማታ መንደሩ ሁሉ ወሬ የሚሰማበት ያ ሬዲዮ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል። የሟቹን ኩታ፣ አባቴ የሸመነለትን፣ አልብሳ ጥግ ላይ አስቀምጣዋለች። አርባው ወጥቶ ተዝካሩ እስኪበላ ፊቱ አይገለጥም ብላ ምላለች። ውሃ የምቀዳላት እኔ ስለነበርኩ ወንድሜ እኔን ላከኝ።

“እትዬ” አልኳት፣ እንስራውን አውርጄ። “ወንድሜ ሬዲዮውን ለአንድ ቀን ቢያውሱት ብሎ…”

“አርባው ሳይወጣ እዚህ ቤት ዘፈን?”

“እዚህ አይደለም፤ ሠርግ ቤት ነው።”

ፊቷን ወደ ሬዲዮው አዞረች። ተቆጣች ብዬ ልወጣ ስል፣ “እሱ ሠርግ አያመልጠውም ነበር” አለች፤ ለኔ አልመሰለኝም የምትነግረው። ቀጥላ፣ “ይሂድ። ኩታው ግን እንዳይነሳ። ከነልብሱ ይሂድ፣ ከነልብሱ ይመለስ። ሁለታችሁም በሟች ማሉልኝ” አለች።

ወንድሜን ጠርቼ ሁለታችንም ማልን።

በሠርጉ ቀን ወንድሜ ሬዲዮውን ተሸክሞ ቁልቁል ሲወርድ እኔ ከኋላው የኩታውን ጫፍ ይዤ ነበር። ነጭ የለበሰ ነገር ተሸክመን ቀስ ብለን ስንሄድ ያዩ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። “ነፍስ ይማር” አሉ።

“አሜን” አለ ወንድሜ። ማዕዘኑን እንደታጠፍን ሳቁ አላስቆም ብሎት ሬዲዮውን መሬት ላይ አስቀመጠው። እንደዚያ ሲስቅ ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ዳሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። አለቃው ኩታ የለበሰውን ነገር ከላይ እስከ ታች አየና፣ “ሙሽራ ነው ያመጣህልን?” አለ። ወንድሜ ሬዲዮውን አወረደ። እጁን ከኋላ በኩታው ሥር አስገብቶ የጊታሩን ገመድ ሰካና ሬዲዮውን ከፈተው። መጀመሪያ ምንም የለም። አለቃው ፊቱን አዞረ። ያ ሬዲዮ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ከኩታው ሥር ቢጫ ብርሃን መጣ፤ በሽመናው ክር መካከል ሲታይ ጭጋግ ውስጥ ያለ ፋኖስ ይመስላል። ወንድሜ አንድ ክር ነካ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ። በጆሮዬ አይደለም የመጣው። በእግሬ ሥር ገብቶ ሆዴ ውስጥ ቆመ። ጠላ የያዘው ብርጭቆ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጥርስ ተንቀጫቀጨ። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት፣ “ምድር ነው እንዴ?” አሉ። ሰዉ ተነሳ። የአለቃው ሳክስፎን እንኳ ያን ቀን ደገፍ የሚልበት ግድግዳ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ወንድሜን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል፣ እግሩ ግን የለመደውን ጉድጓድ እየረገጠ ነው።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው። ዳቦ ዳቦ ያለ።

የሬዲዮው አምፖሎች ከኩታው ሥር ታፍነው ግለው ኖሯል። ከላይ ቀጭን ጢስ ወጣ። ወንድሜ አየ፤ እጁን ቢያቆም ዘፈኑ ይወድቃል። እኔን አየኝ። ኩታውን ገፍፌ እንዳልጥለው ምለናል። በኩታው ሥር ሁለት እጄን አስገባሁና ከእንጨቱ ከፍ አድርጌ እንደ ዳስ ያዝኩት። ፊቱም አልተገለጠ፣ አየርም ገባው። ክንዴ እስኪዝል፣ ሙሽሮቹ እስኪነሱ እንደዚያ ቆምኩ። ሙቀቱ ደረቴ ላይ ይመጣል፣ የቤዙ ምት በክርኔ ያልፋል። ደክሞኝ ነበር፤ ግን እንዳያልቅ እለምን ነበር።

ሲያበቃ አለቃው ወንድሜን ትከሻውን መታ አደረገው። “ልምምድ እንዳይቀርብህ” አለው። በቃ፣ ቦታው ጸና።

ሬዲዮውን ስንመልስ የሹፌሩ ሚስት የኩታውን ቡናማ ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው።

“ጨፈሩ?”

“ጨፈሩ፣ እትዬ።”

“መልካም።”

አርባው ወጥቶ ካህናቱ ሲሄዱ ኩታውን አንስታ ሬዲዮውን ከፈተችው። ዜና አንባቢው ድምፁ ተሰነጣጥቆ፣ በቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ባቄላ እየተንኮሻኮሸ መጣ። ለሰው ወሬ የተሠራውን የሬዲዮውን ደረት፣ ድምፅ ማውጫውን፣ ወንድሜ በቤዙ ምት በአንድ ቀን ቀዶታል። መሬት ትዋጠኝ አልኩ። እሷ ግን ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና፣ “ጉንፋን ይዞታል” አለች።

ወንድሜ አስጠግናለሁ ብሎ ቃል ገባ። ያን ጊዜ ግን ባንዱ ስም አወጣ፤ ድሬዳዋ ተጠራ፣ ከዚያም አሥመራ። እናቴ እንዳይሄድ እግሩ ሥር ወድቃ ለመነችው፤ ሄደ። እኔ በዚያን ጊዜ ምን ያስለቅሳታል እል ነበር። አሁን እናት ስሆን፣ አንተ በር ስትነካ የሚይዘኝ ይኸው የእሷ ነው። አባቴ የወንድሜን ድር ሳይጨርሰው፣ ሳይቆርጠውም፣ እንደተወጠረ ተወው። ወሬ ጠፋ። ሞተም ቆመም የሚለን ሰው አጣን።

አንድ አመሻሽ የሹፌሩ ሚስት ከአጥር ወዲያ ተጣራች። “ኑ፤ የናንተን ልጅ ባንድ ሊያሰሙ ነው።”

እናቴ ነጠላዋን ሳታጣፋ ሮጠች። ሬዲዮው ፊት ተቀመጥን። ዘፋኙ መጣ፣ ሳክስፎኑ መጣ፣ ከበሮውም። የወንድሜ ቤዝ ግን አይሰማም። እሱ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ሁሉ ያ የተቀደደው ደረት ብቻ ይንኮሻኮሻል፤ የእሱን ድምፅ ማውጣት ተስኖታል። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ወደኔ ዞረች።

“የኔ ልጅ የቱ ነው?”

“ያ የሚንኮሻኮሸው” አልኳት።

መዳፏን እንጨቱ ላይ አደረገች። በተንኮሻኮሸ ቁጥር ጣቷ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሕፃን ትኩሳት እንደምትለካ። ዘፈኑ አልቆ ሌላ ሰው ማውራት ሲጀምርም እጇን አላነሳችም።

“እህቴ” አለቻት የሹፌሩን ሚስት፣ “እባክሽ ይህን ነገር እንዳታስጠግኚው።”